ትንሿ ነፍሳት በል ወፍ ከመስከረም እስከ የካቲት ምን ትበላለች? ጎጃም ላይ ለሚያጠኑ የአሠራር መመሪያ

አንዲት ወፍ በአንድ ጠዋት አሥር ትንኝ ብትበላ ትንኝ ትወዳለች ማለት ነው? ዛፉ ላይ ከትንኝ በቀር ምንም ካልነበረ መልሱ ሌላ ነው። ብዙ ጉንዳን እያለፈች አሥር ትንኝ ብቻ ከለቀመች ደግሞ መልሱ ፈጽሞ ይለወጣል። የወፍ አመጋገብ ሲጠና አብዛኛው ሰው የሚመዘግበው ወፏ የበላችውን ነው፤ ቅርንጫፉ ላይ የቀረውን የሚቆጥር ጥቂት ነው። ይህ መመሪያ ሁለቱን ጎን ለጎን ለመመዝገብ ይረዳል። ለትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበባት፣ ለባዮሎጂ መምህራን፣ ባሕር ዳርና ዘጌ ላይ እንግዳ ለሚያስጎበኙ ወጣቶች፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ተቀምጦ ማለዳ ማለዳ ወፍ ማየት ለሚወድ ሰውም ይሆናል። ገንዘብ ብዙ አይጠይቅም። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፤ እርሱ ከሌለ ባይጀመር ይሻላል።

ለምሳሌ የምንይዛት ወፍ ቺፍቻፍ ናት፤ የሳይንስ ስሟ ፊሎስኮፐስ ኮሊቢታ ይባላል። በአውሮፓና በሩሲያ ጫካዎች ትፈለፈላለች፤ ክረምታቸው ሲገባ ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ይሰደዳሉ፣ ከእነዚህም የተወሰኑት የእኛ ደጋና ወይና ደጋ ላይ ይከርማሉ። ክብደቷ ከ6 እስከ 9 ግራም ነው። በቀን የክብደቷን ሲሶ ያህል ነፍሳት መብላት እንዳለባት ይነገራል። አንድ ትንኝ የሚመዝነው ጥቂት ሚሊግራም መሆኑን ስታስቡ፣ ይህች ወፍ ከንጋት እስከ ምሽት ለምን እንደማታርፍ ይገባችኋል። ሞስኮ ላይ በታኅሣሥ የቀን ብርሃን ሰባት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ስለዚህ እዚህ የምትመጣው ሙቀት ፍለጋ ብቻ አይደለም፤ ነፍሳትም፣ ነፍሳቱን የምትለቅምበት ረጅም ቀንም ትፈልጋለች።

አንደኛ፦ ወፏን ከመሰሎቿ መለየት

ይህን ደረጃ ዘሎ ማለፍ ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ቺፍቻፍ ከላይ ቡናማ ቀላቅሎ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ከሥር ነጣ ያለ ላባ አላት። ከዓይኗ በላይ ደብዘዝ ያለ ቀጭን መስመር አለ፤ ምንቃሯ እንደ መርፌ ቀጭን ነው። ሁለት ምልክቶችን አጥብቃችሁ ያዙ፦ እግሯ ጥቁር ነው፣ ስትለቅምም ጅራቷን ደጋግማ ወደ ታች ትነቀንቃለች።

ከእርሷ ጋር የምትምታታው የቅርብ ዘመዷ ፊሎስኮፐስ ትሮኪለስ ናት። የእርሷ እግር ፈዘዝ ያለ ነው፤ ሰውነቷ ቢጫነቱ ይበልጣል። በመስከረምና በጥቅምት በብዛት ታልፋለች፣ አብዛኞቹም ወደ ደቡብ አፍሪካ አቅጣጫ ይቀጥላሉ። ሌላዋ ነዋሪ የሆነችው የደን ወፍ ፊሎስኮፐስ አምብሮቪሬንስ ናት፤ ራሷ ቡናማ ቀይ፣ ክንፏና ጅራቷ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ነው። በዓይኗ ዙሪያ ጥርት ያለ ነጭ ቀለበት ያላት ቢጫማ ወፍ ከታየች ደግሞ ከዚህ ወገን አይደለችም፤ እርሷ ፍሬና የአበባ ማርም አዘውትራ የምትበላ ነዋሪ ናት። በመንጋ ስለምትመጣ ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚመዘግበው እርሷን ነው።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትመዝግቡ። አሥር እርግጠኛ መዝገብ ከመቶ አጠራጣሪ ይበልጣል።

ሁለተኛ፦ ዕቃ ማሰናዳት

የርቀት መነጽር (8 በ42 የሚባለው መጠን ይበቃል)፣ የእጅ አጉሊ መነጽር፣ ነጭ አንሶላ ወይም ያረጀ ነጠላ፣ ወረንጦ፣ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ብልቃጦች፣ ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል፣ ጓንት፣ እርሳስ፣ ደብተር። እስክሪብቶ አትያዙ፤ አልኮል ቀለሙን ያጥበዋል። ወንጭፍ የያዘ ተማሪ ካለ ወንጭፉ ቤት ይቅር።

ሦስተኛ፦ ቦታ መምረጥና ማስፈቀድ

ቢያንስ ሁለት የማይመሳሰሉ ቦታዎችን ያዙ፤ አንድ ቦታ ብቻ ከያዛችሁ ያወቃችሁት ስለ ወፏ ይሁን ስለ ቦታው መለየት አትችሉም። ጎጃም ለዚህ ምቹ ነው። ዘጌ ላይ ቡናና ጌሾ ከትልልቅ ዛፎች ሥር የሚበቅሉበት ጥላማ ደን አለ። ከመራዊ አጠገብ በቆጋ ግድብ የሚለማው መስኖ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ መሬት ነው። ጣና ዳር ላይ ውኃው ከጥቅምት በኋላ እየሸሸ ሲሄድ ጭቃና ትንኝ ይተዋል። አዊ ውስጥ ደግሞ ዲከረንስ የተባለው፣ ለከሰል የሚተከለው መጤ ዛፍ ደን ተስፋፍቷል። ከዚህ ሰው ከተከለው ደን ጎን ያረጀ ግራር ያለበት ግጦሽ ካገኛችሁ ሁለቱን ማነጻጸር ሊያጓጓችሁ ይገባል።

ከሁሉም የሚመቸው ግን የቤተ ክርስቲያን ደን ነው፤ በብዙ የጎጃም አካባቢ የተረፈው የሀገር ዛፍ፣ ጽዱም፣ ወይራውም፣ ብሳናውም፣ ዋንዛውም ያለው እዚያ ነው። ከመግባታችሁ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ። «አባ ይፍቱኝ» ብላችሁ ሰላምታ ካቀረባችሁ በኋላ የምትሠሩትን በግልጽ ተናገሩ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «ልትይዟት ነው?» የሚል መሆኑ አይቀርም። መልሱ «አይደለም፣ አባ፤ የምትበላውን ብቻ ነው የምናየው» ነው፤ በተግባርም እንዲሁ ይሁን። ወፍ በመረብ መያዝ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ፈቃድ የሚጠይቅ የባለሙያ ሥራ ነው። ቅዳሴ እየተቀደሰ አትግቡ። ጣና ላይ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ስላሉ፣ ሴት ተማሪዎች ያሉበት ቡድን ቦታውን ቀድሞ ይጠይቅ።

እረኞችንም ጠይቁ። የትኛው ምንጭ ላይ ወፍ እንደሚታጠብ፣ የትኛው ዛፍ ላይ ጠዋት እንደሚንጫጫ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አራተኛ፦ ስትበላ መመልከት

ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነው። እኩለ ቀን ላይ ወፏ ጥላ ውስጥ ስለምትገባ ድካሙ ትርፍ የለውም።

ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ ከአንዲት ወፍ የምትመዘግቡት መጀመሪያ የታየውን አንድ ለቀማ ብቻ ነው። አንዷ ወፍ አንድ የክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ለስላሳ ነፍሳት) መንጋ አግኝታ ሃያ ጊዜ ብትለቅምና ሃያውንም ብትጽፉ፣ መዝገባችሁ የዚያችን ወፍ ዕድል እንጂ የዝርያዋን አመጋገብ አይናገርም። አንዱን ጽፋችሁ ወደ ሌላ ወፍ እለፉ፤ ወፏ ብቻዋን ከሆነች ቢያንስ አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ተመለሱ።

ለእያንዳንዱ ለቀማ አምስት ነገር ጻፉ፦ ቀንና ሰዓት፣ የዛፉ ዓይነት፣ ከመሬት ያለው ከፍታ በግምት፣ የለቀመችበት ቦታ (ቅጠል ላይ፣ ቅጠል ሥር፣ ቅርፊት፣ አበባ፣ አየር፣ መሬት)፣ እና አለቃቀሟ። አለቃቀም ስል ቆማ ለቀመች፣ እየተንሳፈፈች ለቀመች፣ ወይስ ዘላ በአየር ያዘች ማለቴ ነው። የተበላው ነፍሳት ምንነት ከታየ ይጻፍ፤ ካልታየ ደግሞ «አልታየም» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም። አብዛኛው ለቀማ ዓይን የማይደርስበት ትንሽ ነገር ነው፤ ሁሉንም «ትንኝ» ብሎ የሞላ መዝገብ ካጋጠማችሁ ጸሐፊው እየገመተ ነው።

የተቀዳ የወፍ ድምፅ አጫውታችሁ ወደ እናንተ አትጥሯት። ጊዜዋን ትቀሟታላችሁ፤ ያያችሁትም ባሕርይ የተፈጥሮ አይሆንም።

አምስተኛ፦ ገበታውን መቁጠር

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ የመመሪያው ዋና ነገርም እዚህ አለ። ገበታ ስል ወፏ ልትበላው የምትችለውን፣ ዛፉ ላይ ያለውን ነፍሳት ሁሉ ማለቴ ነው። ወፏ ለቅማ በሄደች በግማሽ ሰዓት ውስጥ እዚያው ዛፍ፣ ወይም በዓይነትና በከፍታ የሚመሳሰል ዛፍ ሥር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ነጭ ጨርቅ ዘርጉ። ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ በዱላ ሦስት ጊዜ ጠበቅ አድርጋችሁ ምቱ፤ የወደቀውን ሳይበር ቶሎ ቁጠሩ። ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ ያው የጨርቅ ስፋት። ይህ ካልተጠበቀ የዛሬው ቁጥር ከነገው ጋር አይነጻጸርም። ጠዋት ላይ ነፍሳት ቀዝቅዘው ስለሚደነዝዙ ይወድቃሉ፤ ፀሐይ ከጠነከረ በኋላ ዝንብና ትንኝ ጨርቁን ሳይነኩ ይበራሉ፣ መዝገቡም ዛፉ ላይ ከሸረሪትና ከጉንዳን በቀር ምንም እንደሌለ ያስመስላል።

የወደቀውን በስድስት ክፍል መድቡ፦ ክሽክሽና መሰሎቹ፣ ዝንብና ትንኝ፣ ጥንዚዛ፣ ጉንዳንና ተርብ፣ ትል፣ ሸረሪት። ሸረሪት በሳይንስ አመዳደብ ከነፍሳት ባትቆጠርም፣ ወፏ ይህን አትጠይቅምና መዝግቧት። ከዚህ ጥልቅ ያለ አመዳደብ ለጀማሪ አያስፈልግም። መጠኑን ግን አትተዉ፤ ከ3 ሚሊሜትር በታች፣ ከ3 እስከ 6፣ ከ6 በላይ ብላችሁ ለዩ። የቺፍቻፍ ምንቃር ትንሽ ስለሆነ ትልቅ ጥንዚዛ ገበታው ላይ ቢኖርም ለእርሷ እንዳልነበረ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይደበደብም። እዚያ ሌላ ዘዴ አለ፦ እጅ የሚደርስበትን ቅርንጫፍ ይዛችሁ መቶ ቅጠል ከላይና ከሥር እያያችሁ ያለውን ነፍሳት ቁጠሩ። ይህ ዘገምተኛ ነው፤ ለትል፣ ለሸረሪትና ለክሽክሽ ግን ከዱላው ይልቅ አስተማማኝ ነው። አንዱን ቦታ በዱላ ሌላውን በቅጠል ቆጥራችሁ ግን አታነጻጽሩ፤ ለማነጻጸር ሁለቱም ቦታ ላይ ቅጠል ይቆጠር።

ጫት ወይም የመስኖ አትክልት በተባይ መድኃኒት የተረጨበት ማሳ አጠገብ ከሆናችሁ የተረጨበትን ቀን ከገበሬው ጠይቃችሁ ጻፉ። ያለ እርሱ ገበታው ለምን ባዶ እንደሆነ ማስረዳት አይቻልም።

ስድስተኛ፦ ኩስ መሰብሰብና ማየት

የሚያስጸይፈው ክፍል ነው፤ የሚያስተምረውም እርሱ ነው። የነፍሳት ጠንካራ ቅርፊት በወፍ ሆድ ሙሉ በሙሉ አይፈጭም፣ ቁርጥራጩ ከኩስ ጋር ይወጣል።

ከበጋው አጋማሽ ጀምሮ ወፎች ወደ ምንጭና ወደ ቦይ ለመጠጣትና ለመታጠብ ይመጣሉ። ወፏ የምታርፍበትን ቅርንጫፍ ለይታችሁ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ወይም ላስቲክ ዘርጉ፤ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። የምትወስዱት ከታወቀች ወፍ ሲወድቅ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ነው። ጨርቁ ላይ የተገኘውን ሁሉ የሚሰበስብ ሰው የአምስት ዓይነት ወፍ ምግብ ቀላቅሎ አንድ ስም ይሰጠዋል።

በጓንት እያንዳንዱን ኩስ ለብቻው ብልቃጥ ውስጥ አድርጉ፣ አልኮል ጨምሩበት፣ ቀኑንና ቦታውን በእርሳስ የጻፋችሁበትን ወረቀት ብልቃጡ ውስጥ አስገቡ። ውጭ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሲረጥብ ይላጣል። የወፍ ኩስ በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል እጅ በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቆረስም።

በማግሥቱ ኩሱን ነጭ ሳሕን ላይ አፍስሳችሁ በመርፌ ቀስ ብላችሁ በትኑት። ነጩ ክፍል የሽንቷ ዝቃጭ ነው፤ የምትፈልጉት ጠቆር ባለው ውስጥ ነው። የሚያብለጨልጭ፣ ጎበጥ ያለ ጠንካራ ቁራጭ የጥንዚዛ የላይኛው ክንፍ ነው። ከነመንጋጋው የቀረ ራስ አብዛኛውን ጊዜ የጉንዳን ነው። ስስና መስመር የተሰመረበት ወረቀት መሳይ ነገር የዝንብ ወይም የትንኝ ክንፍ ነው። ጥቁር፣ የተቆለመመች ሹል ነገር የሸረሪት መንከሻ ልትሆን ትችላለች። ትል ሰውነቱ ለስላሳ ስለሆነ ይጠፋል፤ የሚተርፈው መንጋጋው ነው፣ እርሱም ጥርስ እንዳለው ትንሽ ማጭድ ይታያል። ሁለት መንጋጋ አንድ ትል ነው፤ እንዲሁ ሁለት ክንፍ አንድ ትንኝ፣ አንድ ራስ አንድ ጉንዳን እያላችሁ ዝቅተኛውን ቁጥር ያዙ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። ክሽክሽን የመሰለ ለስላሳ ነፍሳት ምንም ቁርጥራጭ ሳይተው ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ኩስ ውስጥ አለመገኘቱ አለመበላቱን አያሳይም፣ ይህን የሚያርመው በአራተኛው ደረጃ በዓይን ያያችሁት ነው። ሌላው፣ አንድ ኩስ የሚናገረው ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለተበላው እንጂ ስለ ቀኑ ሙሉ ምግብ አይደለም። ስለዚህ ጠዋትም ማታም ሰብስቡ።

ሰባተኛ፦ ፍሬና አበባን አለመርሳት

ነፍሳት በል የተባለች ወፍ ሁልጊዜ ነፍሳት ብቻ አትበላም። ቺፍቻፍ ራሷ በስደትና በክረምት ወራቷ የአበባ ማር ስትጠጣና ትንንሽ ፍሬ ስትለቅም ትታወቃለች፤ ግንባሯ ላይ ቢጫ የአበባ ብናኝ ተለጥፎ ካያችሁ አበባ ውስጥ ገብታ ነበር። አበባ ላይ ስታዩ ግን አትቸኩሉ፤ ማሩን ትጠጣ ወይስ ማሩን ፈልገው የመጡትን ትንኞች ትለቅም እንደሆነ በመነጽር አይታችሁ ለዩ። በበጋ የሚያብብ ግራዋና አበባ የያዘ ባሕር ዛፍ ለዚህ ጥሩ መመልከቻ ናቸው።

ፍሬን በደንብ ለማየት ሌላ እንግዳ ጨምሩ፦ ሲልቪያ አትሪካፒላ። ወንዱ ጥቁር፣ ሴቷ ቀላ ያለ ቡናማ ቆብ አላቸው። ይህች ወፍ በአውሮፓ በጋ ነፍሳት በል ናት፤ ከመጸው ጀምሮ ግን ወደ ፍሬ ታዘነብላለች። በእኛ በኩል እንዶድ፣ ጌሾ፣ አጋም፣ ሾላ፣ የወፍ ቆሎ በሚያፈሩበት ቦታ ጠብቋት። ኩሷ ወይን ጠጅ ቀለም ካለውና ዘር ካለበት ዘሩን ለይታችሁ ከየዛፉ ከለቀማችሁት የፍሬ ዘር ጋር አስተያዩት። ካልተለየ ኩሱን አልኮል ሳትጨምሩበት እርጥብ አፈር ላይ ዝሩት፤ የበቀለው ይነግራችኋል። የወፍ ቆሎ ከተገኘ ለብቻው ልብ በሉት፤ መጤና ወራሪ ተክል ስለሆነ የሚያሰራጨውን ማወቅ ለግጦሽ መሬት ይጠቅማል።

ስምንተኛ፦ ወር በወር ምን ይጠበቃል

በመስከረምና በጥቅምት ሣሩ ለምለም ነው፣ አደይ አበባ ሜዳውን ይሸፍናል፤ ነፍሳት በየቦታው ስለሚገኝ ወፏ አትመርጥም የሚያሰኝ ጊዜ ነው። እንዲያውም የምትመርጠው ያኔ ነው፤ ብዙ ሲኖር የተተወው ነገር ይናገራል። ስለዚህ የገበታው ቆጠራ በእነዚህ ወራት አይታለፍ። ቺፍቻፍ በደንብ የምትታየው ከጥቅምት ወዲህ ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፍ ይታጨዳል፣ ማሳው ይራቆታል፣ የጮቄ ተራራ ግርጌ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። አፈር ውስጥ በቀረ እርጥበት የሚበቅለው ጓያ ላይ ክሽክሽ ካለ የማሳውን ዳርና አጥሩን ተመልከቱ።

ጥርና የካቲት አስቸጋሪዎቹ ወራት ናቸው። ብሳና ቅጠሉን ያራግፋል፤ ነፍሳት ወደ ውኃ ዳር፣ ወደ መስኖና ወደ ጥላማ ደን ይሰበሰባል፣ ወፏም ትከተላለች። ወደ የካቲት መጨረሻ ለመልስ ጉዞ ስብ ማጠራቀም ስለምትጀምር ለቀማዋ ሊፈጥን ይችላል። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደለቀመች በሰዓት ቆጥራችሁ ከታኅሣሡ ጋር አስተያዩ።

ዘጠነኛ፦ ሁለቱን መዝገብ ማገናኘት

ለእያንዳንዱ የነፍሳት ክፍል ሁለት መቶኛ አስሉ፦ በገበታው ላይ የነበረውን ድርሻና በምግቧ ውስጥ የተገኘውን ድርሻ። የምግቡን ለገበታው አካፍሉ። ለምሳሌ ከጨርቁ ላይ ከተቆጠሩት መቶ ነፍሳት 40 ጉንዳን ቢሆኑ፣ ከኩሱ ከተለዩት መቶ ደግሞ 5 ብቻ ጉንዳን ቢሆኑ፣ ውጤቱ ከ1 እጅግ ያነሰ 0.125 ነው፤ ጉንዳን እያለ ታልፏል። ትል በጨርቁ ላይ 4፣ በኩሱ 20 ቢሆን ውጤቱ 5 ነው፤ ትል ተፈልጎ ተበልቷል። ወደ 1 የተጠጋ ቁጥር እንዳገኘች መብላቷን ያሳያል። ስሌቱ ወር በወርና ቦታ በቦታ ለየብቻ ይሠራ፤ የመስከረሙን ዘጌ ከየካቲቱ ቆጋ ጋር መደባለቅ ሁለቱንም ያጠፋቸዋል።

ያልታወቀ ቁርጥራጭ «ያልታወቀ» በሚል ዓምድ ይግባ እንጂ ወደሚመስለው ክፍል አይገፋ። ይህ ዓምድ ከሩብ በላይ ከሆነ ስሌቱን አቁማችሁ ብልቃጦቹን ይዛችሁ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች ወደ አንዱ የባዮሎጂ ክፍል ሂዱ፤ በማይክሮስኮፕ የሚታየው በእጅ አጉሊ መነጽር ከሚታየው ብዙ ይበልጣል። ስትሄዱ ከዛፍ የወደቁትን ሙሉ ነፍሳትም በሌላ ብልቃጥ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁራጩን የሚለየው ሰው ከሙሉው ጋር ማስተያየት ይፈልጋል።